የማላውቀው ወንዝ ዳር

አሳ ማጥመድ የጀመርኩት ሐይቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሐረጎን እወጣና ደሴን አልፌ ሐይቅ ከተማ እወርዳለሁ። እዚያ ቆሮሶ ማውጣት ያን ያህል አይከብድም። መንጠቆው ላይ ሊጥ ታደርጋለህ፣ ቡሹ እስኪሰምጥ ትጠብቃለህ። ቆሮሶው ራሱ ለሐይቁ እንግዳ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰው አምጥቶ የለቀቀው አሳ ነው።

ወንዝ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ቦርከና በደጃችን እያለፈ ሐይቅ ድረስ መሄዴ ይቆጨኝ ጀመርና አንድ ጥቅምት ላይ ዘንጌን ይዤ ወረድኩ። ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ክሬን የምወረውረው መሃል ላይ፣ ውሃው በሚጋልብበት ቦታ ነበር። ትልቅ አሳ ትልቅ ውሃ ውስጥ ነው ብዬ አስቤ። ጅረቱ ክሩን ጠርጎ ድንጋይ ስር ይሸጉጠዋል። በአንድ ጠዋት ስድስት መንጠቆ በጥሼ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ማየት ያዝኩ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ የዋሽንግተንና የኦሪገን ሰዎች ናቸው። ጀልባ የላቸውም። ወንዝ ዳር ቆመው ሳልሞንና ስቲልሄድ ያጠምዳሉ። ሳልሞን ወንዝ ውስጥ ተወልዶ ባሕር ወርዶ ያድጋል፤ እንቁላሉን ለመጣል ደግሞ የተወለደበትን ወንዝ በውሃው ጠረን ለይቶ ይመለሳል። የፓስፊክ ሳልሞን እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ይሞታል። ስቲልሄድ ግን ወደ ባሕር ተመልሶ ሌላ ዓመት ሊመጣ ይችላል። ስቲልሄድ የሚባለው ባሕር ወርዶ የሚመለስ ትራውት ነው። ዘመዱ እኛም አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት።

ልቤን የያዘው አሳው ሳይሆን የሰዎቹ አመል ነው። የማያውቁት ወንዝ ዳር ሲደርሱ ዘንግ አያነሱም። መጀመሪያ ያያሉ። አሳ ጅረት ሲታገል አይውልም፤ ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚዋሰኑበትን መስመር፣ የትልቅ ድንጋይ ጀርባን፣ ጥልቁ ውሃ አልቆ ወደ ጠጠር የሚወጣበትን ጫፍ ይፈልጋሉ። አሳው ዝግተኛው ውሃ ውስጥ አርፎ ፈጣኑ የሚያመጣለትን ይጠብቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘንጌን ቤት ትቼ ወረድኩ። እፍኝ ደረቅ ቅጠል ሰብስቤ አንድ አንድ እያልኩ ወንዙ ላይ ጣልኩ። አንዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። አንዱ ድንጋይ ጀርባ ገብቶ ዞረ፣ ዞረና ቆመ። ሁለት ሰዓት ያህል ቅጠል ስጥል ቆየሁ። ከዚያ በፊት ቦርከናን ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ እንዲህ ግን አይቼው አላውቅም።

ቦታውን አገኘሁ፣ አሳው ግን አሁንም አልያዘም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰዎቹ ብርቱካናማ የአሳ እንቁላልና የሚያብለጨልጭ ብረት ይጠቀማሉ፤ እኔም ቀይ ክር ጠምጥሜ ወረወርኩ። ሳልሞን ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት እንደሚያቆም ልብ አላልኩም። የሚነክሰው ተናዶ ወይም በልማድ ነው። የእኛ ቢልጫና አምባዛ ግን ርቧቸው ነው የሚነክሱት።

ይህን ያስተማሩኝ ከብት ውሃ ሊያጠጡ የወረዱ አንድ አዛውንት ናቸው። ቀዩን ክር አይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ፣

«ልጄ፣ ድንጋዩን ገልብጠህ አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁም አባ።»

«እንግዲህ የሚበላውን ሳታውቅ ምን ልትሰጠው ነው?»

ገለበጥኩት። ሥሩ ትናንሽ ትልና እጭ ተጣብቆበታል። ዳር ላይ ካለው እርጥብ አፈር የምድር ትል ቆፍሬ ለክብደት ትንሽ የእርሳስ ብረት ጨመርኩና ክሩን ድንጋዩ ጀርባ፣ ቅጠሉ የቆመበት ላይ አሳረፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ሁለቴ ተነቀነቀ። የመጀመሪያዬ የወንዝ ቢልጫ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። እጄ እየተንቀጠቀጠ አዛውንቱን ስጣራ ከብቶቻቸውን ነድተው ሄደዋል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ወንዝ ስሄድ የማደርገው ይኸው ነው። አሳው የት እንደሚያርፍ የሩቅ ሰው ሊነግርህ ይችላል፣ ውሃ የትም ውሃ ነውና። ምን እንደሚበላ ግን እዚያው ዳር ላይ ነው የሚጠየቀው። ሚሌ ወንዝ ስሄድ መጀመሪያ ያናገርኳቸው እረኞችን ነው። «አሳ የት አለ?» ብትላቸው ይስቁብሃል። «ከብት የምታሻግሩት በየት ነው?» በላቸው። መሻገሪያው ጠጠርና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ከሱ ዝቅ ብሎ ብዙ ጊዜ ውሃው ይጠልቃል። እኔ ያንን ጫፍ ይዤ ነው የምጀምረው። አምባዛ ከፈለግህ ደግሞ አመሻሽ ላይ፣ ጭቃማውና ዝግተኛው ጥግ፣ የዶሮ አንጀት ይዘህ። ስታወጣው ከጎን ክንፉ ስር ያለውን እሾህ ተጠንቀቅ። አውራ ጣቴን ወግቶኝ ለቀናት አብጦ ነበር።

ቪዲዮ ላይ ያሉት ሰዎች የጎማ ሱሪ ለብሰው ወገባቸው ድረስ ውሃ ይገባሉ። እኛ ጋ እንዲህ አታድርግ። በእኛ ወንዞች የቢልሃርዝያ ትል አለ፤ ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ክርህ ድንጋይ ከያዘው በጥሰው እንጂ ገብተህ አትፍታው። ከፋብሪካ ፍሳሽ በታችም አላጠምድም። ከተማውን አልፌ ወደ ላይ እሄዳለሁ፤ የማወጣውን ልጆቼ ይበሉታልና።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልበል፣ ምክንያቱም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ቦርከና ከኩታበርና ከደሴ ተራሮች ነው የሚወርደው። ኮምቦልቻ ፀሐይ እየመታህ ላይ ላዩ ሊዘንብ ይችላል። በበልግ አንድ ቀን ከሰዓት ውሃው ድንገት ደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መጣ። እኔ መሃል ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዘንጌን ጥዬ ዘለልኩ፤ ድንጋዩን ዞር ብዬ ሳየው የለም። አሁን ከመውረዴ በፊት ወደ ደሴ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ከጠቆረ አልወርድም። ውሃው ቀለሙን ሲለውጥ ደግሞ አሳ ይዞም ቢሆን ክሬን ቆርጬ እወጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ትልቁ ልጄን ይዤው ወረድኩ። ዘንግ ስጠኝ አለ። ቦርሳዬን ከፍቼ እፍኝ ቅጠል ሰጠሁት።