እናቴ «የተጋገረ ገንፎ» ያለችው ቁርስ

የልጆቼ ሰርቪስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ማን ፍርፍር ይሠራል? ስንት ወር ሙሉ ዳቦ በሻይ አድርገን ከረምን። አሜሪካ ላለችው እህቴ ይህንኑ ሳማርር «አጃ ጋግሪላቸዋ!» አለችኝ። እሁድ ማታ ከተጋገረ ማክሰኞን ያደርሳል።

አጃ ለኛ እንግዳ አይደለም። አራስ ቤት አጥሚቱ አለ፣ በጾም ሾርባው አለ። ከፍራፍሬና ከለውዝ ጋር ጋግሮ እንደ ኬክ መቁረጡ ነው አዲስ የሆነብኝ።

አሠራሩን በድምጽ ላከችልኝ። «ኦቨኑን 375 ላይ አድርጊው» ትላለች። የኔ ኦቨን መጨረሻው 250 ነው። ያው አቅሙ ስላነሰ ነው ብዬ እስከ ጥግ ከፈትኩት። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ። ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ፈሳሽ። ለካ እሷ የምታወራው በፋራናይት ነው፤ በኛ 190 ገደማ መሆኑ ነው። እስካሁን ይስቁብኛል።

ሁለተኛው ላይ ሙቀቱ ተስተካከለ፣ አጃው ግን አልበስል አለ። የተጠቀምኩት ለሾርባ የገዛሁትን ክክ ነበር። እሱ ደግሞ ብዙ ውሃ ይዞ ብዙ ሰዓት መንተክተክ ይፈልጋል። ትንሹ ልጄ አንዴ ነከሰና «እማ፣ አሸዋ አለው» አለኝ። የሚሆነው ተዳምጦ ጠፍጣፋ የሆነው፣ ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚሸጠው አጃ ነው። ከክኩ ይወደዳል። እዚህ ላይ ግን መቆጠብ ሁለት ጊዜ ያስወጣል።

ሦስተኛው ላይ ስስት ያዘኝ። ሙዝ፣ ፖም፣ በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ። ማንጎው ውሃውን ለቀቀና በማንኪያ ጠጣነው ማለት ይቀላል። ከዚያ ወዲህ ማንጎ አላስገባም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። 2 ኩባያ ጠፍጣፋ አጃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቁንጥር ኮረሪማ። በሌላ ሳህን 2 የበሰለ ሙዝ በሹካ እደፈጥጥና 1 እንቁላል፣ ከ2 ኩባያ ትንሽ ያነሰ ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ ማር እመታበታለሁ። ኩባያው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነው። እህቴ ማር ጨምሪ ትላለች። ባሌ ኮሌስትሮል ስላለበት ነው አጃ አብዛ የተባለው፤ አጃው ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባለው ፋይበር ኮሌስትሮል ይቀንሳል። በጣፋጭ ከሞላሁትማ ምኑን ቁርስ ሆነ? አንድ ፖም በደቃቁ ከትፌ ጨምሬ ሁሉንም እቀላቅላለሁ። ወተቱ ወደ አጃው እንዲገባ 10 ደቂቃ እተወዋለሁ። ከዚያ 190 ላይ 40 ደቂቃ።

ለውዙ የራሱ ወግ አለው። የባቢሌ ለውዝ ሳገኝ ደስታዬ ነው። ለሰስ ባለ እሳት ቆላ አደርግና ሳይበርድ በመዳፌ አሸዋለሁ። ቅርፊቱን እፍ ብዬ ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ደቃ፣ ደቃ። ሦስተኛው ዱቄት ያደርገዋል። ግማሹ ውስጥ ይገባል። ግማሹን ላዩ ላይ የምበትነው 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል።

አንድ እሁድ የመጋገሪያ ወረቀት አለቀብኝ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። «ኮባ ምን ሆኖ ነው ወረቀት የምትገዢው?» አለችና ጎረቤት ሄዳ ይዛ መጣች። አጥባ እሳት ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገችው። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ ለስለስ ሲል መጋገሪያው ላይ አነጠፈችው። ሲጋገር ቤቱ ድፎ ድፎ ሸተተ። ወረቀት ከዚያ በኋላ አልገዛሁም።

ለረቡዕና ለዓርብ በእንቁላሉ ፋንታ ተልባ አለ። 1 የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። ዝልግልግ ሲል እንቁላሉን ይተካል። ወተቱን ደግሞ ለውዝ በውሃ ፈጭቼ አጠለዋለሁ። እንደ ፍስኩ ባይነፋም ይያያዛል።

ሲወጣ ቶሎ አይቆረጥም። ሩብ ሰዓት ካልበረደ ይፈረፈራል። ያን ቀን ለእናቴ ግን ትኩሱን ሰጠኋት። ቀመሰችና አላመጠች። «ይሄማ የተጋገረ ገንፎ ነው። ቅቤና በርበሬው ነው የቀረው» አለች። ሰኞ ጠዋት ለልጆቹ ልቆርጥ ስከፍተው ሩቡ የለም። እናቴ ኮባው ላይ የተጣበቀችውን ፍርፋሪ እየለቀመች ነበር።