እጄን ኪሴ ውስጥ የደበቅኩባቸው ወራት

ብረታ ብረት ቤት ነው የምሰራው፣ በርና መስኮት ምናምን። አምና ጥቅምት ላይ የግራይንደሩ (ብረት መቁረጫ ማሽኑ) ዲስክ ፈንድቶ ቀኝ መዳፌን ከፈተው፣ ሁለት ጅማትና አንድ ነርቭ ተቆረጠ። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዛ በኋላ ስለሚመጣው ግን ማንም አልነገረኝም።

6 ሳምንት ስፕሊንት (እጅ እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰር ድጋፍ)፣ እስከ 12 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ የተሰፋው ጅማት ይበጠሳል አሉኝ። ነርቩ ደግሞ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ከጠባሳው እስከ ጣቴ ጫፍ በሜትር ለካሁት፣ 9 ሴንቲሜትር፣ ሁሉም ከተሳካ 3 ወር ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት ጣቴን በጥርሴ ነከስ እያደረግኩ ዛሬስ ተሰማኝ አልተሰማኝም እያልኩ አድራለሁ፣ መተኛቱንም ፈርቼው ነበር፣ አይኔን ስከድን ዲስኩ እንደገና ይፈነዳል። ሰፈር ውስጥ የሆነ ሰው በር ሲያሰራ የግራይንደር ድምጽ ከመጣ ላብ በላብ እሆናለሁ።

ከሁሉም የሰበረኝ ማዕድ ነው። ባለቤቴ ነበረች የምታጎርሰኝ። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን እኮ አንተም ታጎርሳለህ፣ በቀን ሶስቴ አፍ ከፍቶ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ግማሽ ላይ ተነሳሁና ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳት፣ እሷ ምን አጠፋች? ሰው ሰላም ሲለኝም እጁ እንደቆሸሸ ሰው ክንዴን እሰጥ ጀመር። ስፕሊንቱ ከወጣ በኋላ ራሱ እጄ ከኪሴ አይወጣም፣ ስታጠብ እንኳን ዞር ብዬ ነበር የምታጠበው።

ይሄን ያየችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ጠባሳውን ቅባት ቀብተህ እሸው ስትለኝ በግራ እጄ ልነካው አቃተኝ፣ ዝም ብላ አየችኝና "እንቅልፍስ ትተኛለህ?" አለችኝ። በቃ አለቀስኩ። ያን ያህል ጊዜ ሁሉም ሰው እጅህ እንዴት ነው እንጂ አንተስ ብሎኝ አያውቅም። ቤታችሁ እጁን የተጎዳ ሰው ካለ እባካችሁ ይሄን ጠይቁት።

ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችኝ። አብጃለሁ እንዴ ብዬ መጀመሪያ ቀረሁ፣ በኋላ ባለቤቴ ይዛኝ ሄደች። ዶክተሩ ቅዠቱም ፍርሃቱም ከእንዲህ አይነት አደጋ በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚመጣ መሆኑን አስረዳኝ፣ ከድምጹ በሸሸሁ ቁጥር ፍርሃቱ እንደሚብስም ጭምር፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ ቅረበው አለኝ። መጀመሪያ ከስራ ቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ማዶ ቆሜ ሰማሁ፣ ቀጥሎ በራፉ ላይ፣ ከዛ ስራ ሲዘጋ ውስጥ ገባሁ።

አሁን ጠዋት ሲበርድ ጣቶቼ ይደርቃሉ፣ አንዷ ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም። ባለፈው ቅዳሜ ሶኬቱን ነቅለን ግራይንደሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። አብረውኝ የሚሰሩት ልጆች ስራቸውን አቁመው አጠገቤ ቆሙ፣ አስነሳው ያለኝ የለም፣ መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት።