የአክስቴ ስኳር
ዛሬ አክስቴን ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ጣቷ ተወግቶ የደም ስኳሯ ሲለካ 312! «ምንም እንዳትበዪ አላላችሁኝም? ካልበላሁ የኢንሱሊን መርፌው ምን ይሠራልኛል ብዬ ተውኩት» አለች።

ለካ ሳይበሉ ቢያድሩም ጉበት ስኳር መልቀቁን አያቆምም። ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ሐኪሙ ባለው ልክ ይቀነሳል እንጂ ጭራሽ አይተውም። የሚቀረው ከምግብ ጋር የሚወጋው ፈጣኑ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒንም በኦፕሬሽኑ ዕለት አይዋጥም። ሐኪሙ የደም ስኳሩ ከ100 እስከ 180 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። ከፍ ካለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ሊያመረቅዝም ይችላል።

ቀጠሮው ተራዘመ። አክስቴን ያናደዳት ግን ሌላ ነው፤ ከሄርማታ ሰፈር ድረስ ቡና ሳትጠጣ መምጣቷ። ጅማ ተቀምጦ ያለ ቡና ማርፈድ! እኔ ለቀጣዩ የመርፌውን መጠንና ሰዓት ወረቀት ላይ አስጽፌ ይዣለሁ።