አዲስ ለተበሳ ጆሮ የሚሆን ጉትቻ፦ ስለ ብረቱ ማንነት መጠየቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ጆሮዋን በተበሳች በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀኝ ጆሮዋ ቀልቶና አብጦ፣ የቀዳዳው ዙሪያም ቢጫ ቅርፊት ይዞ አገኘሁት። ሁላችንም የጠረጠርነው የንጽሕና ጉድለት ስለነበር በቀን ሦስት አራት ጊዜ እናጥበው ጀመር፤ ማሳከኩ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችን ስለ እጥበቱ ሳይሆን «ጉትቻው ከምን የተሠራ ነው?» ብላ ነበር። ከመካከላችን መልስ ያለው ሰው አልነበረም። የምናውቀው ማሸጊያው ላይ «ሰርጂካል ስቲል (የቀዶ ሕክምና ብረት)፣ አለርጂ የማያስከትል» ተብሎ መጻፉን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ጉትቻውን በሌላ ቀየረችላት፤ አሮጌውን እኔ ወደ ቤት ወስጄ በማጉያ መነጽር አየሁት። ከፊት የሚታየው ወርቃማ ክብ ክፍል እንደ አዲስ ያበራል። በጆሮዋ ውስጥ ያልፍ የነበረው ቀጭን ዘንግ ግን ቅቡ ስፍራ ስፍራው ላይ ተልጦ ከሥሩ ግራጫ ብረት ይታያል፤ ገጹም በሞረድ እንደተፋቀ ሁሉ ጭረት በጭረት ነው። የብዙ ሰው ቆዳ የሚቆጣበት ኒኬል የተባለ ብረት መኖሩን የሚያሳይ ዳይሜቲልግላይኦክሲም የተባለ ፈሳሽ አግኝቼ በጥጥ ጫፍ ነክሬ ዘንጉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ባሸው፣ ነጩ ጥጥ ሮዝ ሆነ። ያ የሮዝ ምልክት ኒኬሉ ከብረቱ እየተላቀቀ እንደሚወጣ ያስረዳል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉትቻ የማስበው በዚህ ጥያቄ ነው፤ በብረቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከብረቱ ምን እንደሚወጣ ማወቅ ነው።

አዲስ የተበሳ ጆሮ ቁስል ነው። የጆሮ የታችኛው ለስላሳ ክፍል የውጭ ፈውሱን ለመያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስድበታል፤ የላይኛው ልም አጥንት ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጉትቻው የተቀመጠው ቆዳ ላይ ሳይሆን ገና ቆዳ ባልሸፈነው ሥጋ ውስጥ ነው፤ ላብና ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽም ቀንና ሌሊት ያጥበዋል። ላብ ኒኬልን ያሟሟል። የሟሟው ኒኬል ከሰውነት ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ የመከላከያ ሥርዓታችን እንደ ባዕድ ይመዘግበዋል፤ አንዴ ከመዘገበው በኋላም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ጆሮዋ ላይ የጀመረባት ሰው ከዓመታት በኋላ የሱሪ ቁልፍ ወይም የእጅ ሰዓት ማሰሪያ በነካት ቁጥር ቆዳዋ የሚቆጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጣው የሚታየው ከንክኪው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ በመሆኑም ብዙ ሰው ምክንያቱን ከጉትቻው ጋር አያያይዘውም፤ እኛም አላያያዝነውም።

የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ባወጣውና በኋላ ባሻሻለው የኒኬል ደንብ የተከተለው መንገድ ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው። ደንቡ አሁን ባለበት መልኩ በተበሳ አካል ውስጥ የሚገባ ዘንግ በሳምንት ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ ከ0.2 ማይክሮግራም (የግራም አንድ ሚሊዮንኛ) በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይከለክላል፤ ቆዳ ላይ ለሚውሉ ሌሎች ዕቃዎች የተፈቀደው ግን እስከ 0.5 ነው። የሚለካው በብረቱ ውስጥ ያለው መጠን ሳይሆን የሚወጣው መጠን ነው፤ ለቀዳዳ የሚገባውም ከቆዳ በላይ ከሚውለው ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው።

«ሰርጂካል ስቲል» የሚለው ስም ያታለለን እዚህ ላይ ነው። ስሙ አንድ የተወሰነ ብረትን አያመለክትም። ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚሸጠው 316 ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል አለበት፤ ለሰውነት ውስጥ ተከላ የሚሠራውና ኤኤስቲኤም (የቁሳቁስ ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት) ኤፍ 138 የሚል መለያ የሰጠውም ከ13 እስከ 15 በመቶ ይይዛል። ጥራት ያለውና እንደ መስተዋት የተወለወለ ከሆነ ላዩን የሚሸፍነው የክሮሚየም ኦክሳይድ ኒኬሉን አጥብቆ ስለሚይዘው የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰዎችም ያለ ችግር አድርገውታል። ይሁንና ኒኬል እንደሚያስቆጣው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ ለመጀመሪያው ጉትቻ እኔ የማይዝግ ብረትን አልመርጥም።

የምመርጠው ታይታኒየም ነው፤ እሱም ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 የሚል መለያ ያለው። ይህ ቅይጥ ወደ 90 በመቶ ታይታኒየም፣ ወደ 6 በመቶ አሉሚኒየምና ወደ 4 በመቶ ቫናዲየም ነው፤ ኒኬል አይቀላቀልበትም፤ ሐኪሞችም በተሰበረ አጥንት ላይ የሚተክሉት ብረት ነው። አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫርም ሽፋኑ ራሱን ይተካል። ክብደቱ በመጠን እኩል ከሆነ የማይዝግ ብረት ግማሽ በጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ ያበጠ ጆሮ ላይ ቀላል ነው። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ወርቃማ ሆኖ ሲታይም ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋኑ ውፍረት ስለሚለወጥ ብርሃኑ በተለያየ መልክ ይንጸባረቃል። «ታይታኒየም ቅብ» የሚለው ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከቅቡ ሥር ያለው ምን እንደሆነ አይነግርም። ኒዮቢየም የተባለው ብረትም ሳይቀየጥ የሚሠራ በመሆኑ ለኒኬል ቁጡ ሰው በእኩል ይስማማል።

አንዳንድ ሰዎች ጉትቻውን በማግኔት እንሞክረው ይላሉ። ማግኔት የሚስበውን ጉትቻ መተው ተገቢ ነው፤ አለመሳቡ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ኒኬል ያለበት 316 ኤልም ብዙውን ጊዜ ማግኔት አይስበውም። የሚያረጋግጠው የብረቱ ፋብሪካ ለሠሪው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ ያሳያል፣ ሲጠየቅ የሚቆጣም ካለ ጆሮን አለማስነካት ይሻላል።

ስለ ወርቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ይሻላል ብሎ ነው። 24 ካራት ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይጫራል፤ በጭረቱ ውስጥም ቆሻሻ ይሰበሰባል። ለአዲስ ቀዳዳ የሚሆነው ከላይ እስከ ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነ 14 ወይም 18 ካራት ነው። 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ ስለሆነ ቀሪው 25 በመቶ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ በተለይ ነጭ ወርቅ አንዳንዴ በኒኬል ይነጣል። ወርቅ ቅብ የሆነ ሁሉ፣ ቅቡ ወፍራም ነው ቢባል እንኳ፣ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ጆሮ ውስጥ መግባት የለበትም። ብርን ግን በአዲስ ቀዳዳ ውስጥ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ 92.5 በመቶ ብር የሆነው የተለመደው ዓይነት ከቁስል ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ወደ ሥጋው ገብቶ የማይለቅ ምልክት ሊተው ይችላል። ፕላቲነም ጥሩ ነው፤ እርሳስ የሌለበት ብርጭቆም እንዲሁ። አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ግን የአውቶክሌቭን (በጋለ እንፋሎት ጀርም የሚገድል መሣሪያ) ሙቀት ስለማይችል ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም።

ብረቱ ጥሩ ሆኖ አሠራሩ ሊያበላሸው ይችላል። መዝጊያው እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት ጥርስ በዘንጉ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ጉትቻ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቁስሉን ይቧጥጣል፤ ጥርሱ ከዘንጉ ውስጥ የተቆረጠው ወይም ያለ ጥርስ ተገፍቶ የሚገጠመው ይመረጣል። በመብሻ ሽጉጥ የሚገባው ጉትቻም ከኋላው ያለው የቢራቢሮ መዝጊያ እብጠቱን ጨምቆ ይይዛል፣ በእጥፋቱ መካከልም ደምና ቅርፊት ይከማቻል። ዘንጉ መጀመሪያ ላይ ለእብጠት ቦታ እንዲተው ረዘም ብሎ፣ እብጠቱ ሲወርድ በአጭር መቀየር አለበት።

የእህቴ ልጅ ጆሮ በታይታኒየም ጉትቻና በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ብቻ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅላቱ ጠፋ። ባለፈው ዓመት የላይኛውን የጆሮዋን ክፍል ለመበሳት ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ባለሙያዋ በአውቶክሌቭ ያለፈውን እሽግ ይዛ ቀረበች፤ ልጅቷ ግን ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት የምስክር ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች፣ «ኤፍ 136» የሚለውን እስክታገኝ ድረስ ቆማ አነበበችው።