ፕሮግራም ላወጣ ተቀምጬ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብቶኛል። ሰማዩም እንደኔው ነው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ጎንደር ላይ የሚመጣውን ሰማይ ታውቁታላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ይጠቁራል፣ ግን አይዘንብም። መብራት የለም። የስልኬም ባትሪ አልቋል። በእሱ እንኳን ደስ ብሎኛል፤ ቴሌግራም ላይ "ይሄ ይወጣል፣ ያኛው አይወጣም" የሚባለውን የመውጫ ፈተና ወሬ ሳልሰማ ዋልኩ።

እስቲ ቁጭ ብዬ የጥናት ፕሮግራም ላውጣ አልኩ። ከግድግዳው ካላንደር ያለፉትን ወራት ገንጥዬ ገለበጥኩና ነጩን ጀርባ በፕላስተር አያያዝኩት። በማስመሪያ ዓምድ ሠራሁ፤ ልብ ወለድ፣ ድራማ፣ ግጥም፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ፣ ሂስ። ሰዋስውና ሊንጉስቲክሱ አያሳስበኝም። ድራማውንም ከጓደኛዬ ከመ. ጋር ተጠያይቀን እንጨርሰዋለን። የሚያስፈራኝ ዘመናቱ ናቸው። ኤልዛቤታን፣ ሬስቶሬሽን፣ ሮማንቲክ፣ ቪክቶሪያን እያለ የሚወርደው ዝርዝር፣ ማን መቼ ጻፈ፣ ማን ከማን ይቀድማል። ፈተናው ምርጫ ነው፤ አራቱም መልስ ልክ መስሎ ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይህን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፣ የዓመታት ትምህርት በአንድ ቁጭታ ሲጠየቅ ግን ቀላል አይደለም።

ቁጥር አይያዝልኝም። የጎንደርን ነገሥታት ግን ማንም ሳያስጠናኝ ነው የማውቃቸው። ለጥምቀት ዘመድ በመጣ ቁጥር ግንቡን ዞራ የምታሳየው እኔ ነኝ፤ አስጎብኚዎቹ የሚሉትን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታዲያ ለምን አላጋጥማቸውም አልኩ። በእንግሊዞቹ ዓመት ትይዩ የእኛን ንጉሥ መጻፍ። ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር።

ሼክስፒር በ1616 ሞተ፣ ፋሲል በ1632 ነገሠ። ስለዚህ ሼክስፒር በሕይወት ሳለ ጎንደር ገና ከተማ አልሆነችም። ሚልተን ስለ አዳምና ሔዋን ውድቀት የጻፈውን ያን ረጅም ግጥም ያሳተመው በ1667 ነው፤ ፋሲል ያረፈውም በዚያው በ1667። ይህን ከእንግዲህ ማንም ከጭንቅላቴ አያወጣውም። አያይዤ ደግሞ የዚያው ግጥም የአራተኛው መጽሐፍ መስመር ትዝ አለኝ። ሚልተን ስለ ገነት ሲያወራ የአበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራን ተራራ ያነሣል። አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እሷ ናት ብለው ይገምታሉ፣ ግን ከኤደን ጋር አትደርስም ይላል። ክፍል ውስጥ ስናነበው በአንድ ትንፋሽ ነበር ያለፍነው። የሚለው ግሼን አምባን ነው፤ የግሼን ግዞት ደግሞ በ1540 የግራኝ ሠራዊት አምባውን ሲይዝ አብቅቶ ነበር። ሚልተን ያን መስመር ሲጽፍ ግን ፋሲል በበኩሉ ወኅኒ አምባ ላይ የንጉሥ ዘር ያስጠብቅ ነበር። ለንደን ያለ ዓይነ ስውር ገጣሚ ቦታውን ቢስተውም ነገሩን አልሳተውም። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ ቀረ። ከዓምድ ወደ ዓምድ እየዘለልኩ እኛን መፈለግ ያዝኩ።

1759 ላይ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን አለ። የዚያን ጊዜ እዚህ ንጉሡ ኢዮአስ ነው፣ አያቱ እቴጌ ምንትዋብ ከቤታችን በላይ ቁስቋም ግቢዋ ውስጥ ናት። ጆንሰን በዚያ ዓመት ስለ አንድ የአበሻ ልዑል መጽሐፍ አወጣ፤ ራሴላስ ይባላል፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ልዑሉ በአማራ ግዛት በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ሁሉ ተሟልቶለት ይኖራል፣ ግን ደስታ የለውም። ከእህቱና ከአንድ ባለቅኔ ጋር ተራራውን ፈልፍለው ይወጡና የሚሻለውን አኗኗር ፍለጋ እስከ ካይሮ ይሄዳሉ። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላየም። ያወቃት ሎቦ ከሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ መነኩሴ መጽሐፍ ነው፤ ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞት ነበር፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። ሎቦን ደግሞ ከአገር ያስወጣው ማን ነው? ፋሲል። የአባቱን የሱስንዮስን ካቶሊክነት ሽሮ ኢየሱሳውያኑን ሲያባርር አብሮ ተባረረ። ወጣና ያየውን ጻፈ፣ ጆንሰን አነበበው፣ እኔ ደግሞ ፋሲል በቆረቆራት ከተማ ተቀምጬ ለፈተና ላጠናው ነው። ይህን የመሰለ ነገር ሞጁሉ ውስጥ አንድ መስመር አይሰጠውም፤ "ጸሐፊ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ጭብጥ" ብሎ ያልፋል።

መጽሐፉን ለምን እንደጻፈው ካወቅኩ ወዲህ ደግሞ ጆንሰንን እንደ ፈረንጅ ማየት አቃተኝ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ እናቱ ሞተች። መርዶውን ለንደን ሆኖ ነው የሰማው፣ ሊችፊልድ ሄዶ ሳያያት። ገንዘብ አልነበረውም። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦዝዌል እንደሚለው፣ ለእናቱ የቀብር ወጪና እሷ ለተወችው ትንሽ ዕዳ ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ ጨረሰው።

ለእናት ቀብር መጽሐፍ መጻፍ! የአያቴ የአባባ ለቅሶ ትዝ አለኝ። ገና ሳይነጋ ጥሩምባው ተነፋ። እድርተኛው ድንኳኑን በትከሻው፣ አግዳሚውን በጋሪ አመጣ። ቂጣቸው በቀይ ቀለም የእድሩ ቁጥር የተጻፈባቸው ትልልቅ ብረት ድስቶች በራችን ላይ ተደርድረው ነበር፤ ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የቀረውን ያስቀራል። እማዬ እስኪሰለስት ድረስ "ስንት ነው?" ብላ አልጠየቀችም። የእሷ ሥራ ማልቀስ ብቻ ነበር፣ አለቀሰችም። ጆንሰን ግን ሐዘኑን ይዞ በሻማ ሲጽፍ ያመሻል፣ ገጹ ሲሞላ አሳታሚው ጋ ይልካል። ለቅሶውን መቼ አለቀሰው? ልዑሉ ምንም ሳይጎድልበት የሚያዝነው በዚያ ሳምንት ስለተጻፈ ይሆን እንዴ? ይህን ፈተና ላይ ማንም አይጠይቀኝም። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ መጠየቅ የምፈልገው ይሄን ነው።

ባለቅኔውን ረስቼ። ስሙ ኢምላክ ነው፤ የተወለድኩት ጎጃም ነው፣ ከዓባይ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ ይላል። ጎጃሜ! ለእማዬ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም። "ባለቅኔ ከሆነማ ጎጃሜ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?" አለችኝ፣ እንደዋዛ። ለንደን ያለ ሰው በ1759 ባለቅኔውን ከጎጃም ማምጣቱ እኔን እንዲህ ሲያስደንቀኝ፣ እሷ ሌላ ሊሆን አይችልም ብላ ነው የተቀበለችው። አባባ ቅኔውን ጎጃም ዋሸራ ተምረው አቋቋሙን፣ የማኅሌቱን ትምህርት፣ እዚህ ጎንደር በዓታ የጨረሱ ሰው አይደሉ? ለእሷ ቅኔና ጎጃም አንድ ነው።

ገጣሚውን ኮሌሪጅን አልፈዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ፣ ቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች አከመ፣ በ1790 መጽሐፉን አሳተመ። ኮሌሪጅ ብሩስን አንብቦታል። በ1797 የጻፈውና በ1816 የታተመው ግጥሙ ውስጥ አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች፤ የክር መሣሪያ እየመታች ስለ አቦራ ተራራ ትዘፍናለች፣ ዜማዋን መልሼ ባገኘው ይላል ገጣሚው። ስም አልሰጣትም። ስለ ተራራው የዘፈነችውንም አንሰማም፤ የምንሰማው እሱ ምን ያህል እንደናፈቃት ነው። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፣ ባነበብኩት ቁጥር ልጅቷ እንድትናገር እጠብቃለሁ።

እንዲህ እያሰብኩ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። ጆንሰን በ1759 ጥር ላይ ስለ አንድ ጎጃሜ ባለቅኔ ሲያስብ፣ እዚህ ጎንደር እውነተኞቹ ባለቅኔዎች ምን እያደረጉ ነበር? ይቀኙ ነበራ! በየደብሩ፣ በየበዓሉ፣ በምንትዋብ ፊት። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ በሁለት ቤት፣ መወድስ የሚባለው በስምንት ቤት። የዛሬ ቅኔ ለዛሬ ነው፤ ነገ መድገም ነውር ነው፣ የሌላ ሰው ማቅረብማ አይታሰብም። ጥቂቱ በብራና ተጽፎ ቀርቷል። የሚበዛው ማኅሌቱ ሲያልቅ አብሮ አለቀ። ለንደን በአንድ ሳምንት የተጻፈው መጽሐፍ እኔ ጋ በፒዲኤፍ ደርሷል፣ ከቤታችን በላይ የተዘረፈው ቅኔ ግን አልደረሰም። ሁለቱም በአንድ ዘመን የነበሩ ናቸው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ እላለሁ፣ ሰፈሬ ግን ስለ እንግሊዞቹ የማውቀውን ያህል ስለራሱ ባለቅኔዎች አላስተማረኝም። ይሄ ያንገበግበኛል። ጆንሰን ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሳያየን አስቦናል፣ ያውም በሐዘኑ ሰዓት። የሚቆጨኝ የራሳችን ድምፅ ከጎኑ አለመኖሩ ነው።

አባባ ስለ ቅኔ ቤት ሲያወሩ እንደ እኛ "ፕሮግራም" የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ቀን ቀን ዛፍ ሥር ለብቻቸው ደበሏቸውን ተከናንበው ቅኔ ሲቆጥሩ ይውላሉ፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራሉ፤ መምህሩ ያርማል፣ ወይ "ሂድ፣ እንደገና ቁጠር" ይላል። ከዚያ ቁራሽ ለመለመን መንደር ለመንደር፣ ውሻ ሲያባርራቸው። አንድ ቀን "አባባ፣ የተቀኙትን ለምን አልጻፉትም?" አልኳቸው። ልጅ ነበርኩ፣ እግራቸውን እያጠብኩ። "ለእመቤታችን የሰጠሁትን ነው መልሼ ከረጢቴ የምከተው?" አሉኝ። ሌላ ጊዜ አጎቴ በስልኩ ሊቀዳቸው ሲል እጁን ይዘው አስቀምጠውታል። መልሳቸው ያኔም ልክ መስሎኝ ነበር፣ አሁንም ልክ ይመስለኛል። ግን እሳቸው አሁን የሉም።

በተዝካራቸው ቀን አብረዋቸው የተማሩት የኔታ ከድንኳኑ ሲወጡ እጄን ያዙኝ። "አያትሽ ኅዳር 6 ለቁስቋም የተቀኛት አንዲት ጉባኤ ቃና አለች፤ እኔ ይዣታለሁ። ስትፈልጊ ነይና ልንገርሽ፣ ልጄ" አሉኝ። እሺ አልኩ። እስካሁን አልሄድኩም፤ ፈተና፣ ዝናብ፣ ሁሉም ምክንያት ነው፣ እውነቱ ግን ይዤ ምን እንደማደርጋት ስላላወቅኩ ነው። የኔታ አርጅተዋል፣ በቀደም ቅዳሴ ላይ ወንበር ይዘውላቸው አየሁ። ሁለት ቤት ናት። ከሰማኋት እጄ ሳይጽፍ እንደማያድር አውቃለሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት የኔታ ደጀ ሰላሙ ጋ አይጠፉም። ብጽፋት አባባ በሕይወታቸው ሙሉ እንቢ ያሉትን እሳቸው ከሞቱ በኋላ ማድረጌ ነው። ባልጽፋትስ፣ የኔታ ሲያልፉ ቁስቋም ያን ቀን የተባለውን ማን ይነግረኛል? እማዬን ጠየቅኳት፤ "የኔታን ጠይቂ" አለችኝ። የኔታን ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው?