ጠበቃዬን ያስደነገጠቻት «ደህና ነኝ»

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ከኋላ ተገጨሁ። ወገቤ ከዚያ ወዲህ ወገብ አልሆነም። ክስ መሥርተን ወራት ካለፉ በኋላ ጠበቃዬ ደወለች። «ዲፖዚሽን አለብህ።»

ፍርድ ቤት የምቆም መስሎኝ ሱፌን ላውንደሪ አስገባሁ። ለካ ነገሩ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ዳኛም የለ። የተከሳሽ ጠበቃ ይጠይቃል፣ አንተ በመሐላ ትመልሳለህ፣ ጸሐፊዋ ከአፍህ የወጣውን ሁሉ ትይዛለች። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ሰባት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠበቃዬ ለልምምድ ጠራችኝ።

«ዛሬ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሕክምና ፋይሌን ገልጣ አሳየችኝ። ለሐኪሙም ያንኑ ብዬው ኖሮ፣ «ደህና ነኝ ይላል» ብሎ ጽፎታል! እኛ አልጋ ላይ ተኝተንም ደህና ነን። ከዚያ በኋላ ስለ ወገቤ ስጠየቅ ስለ ወገቤ ብቻ መመለስ ተለማመድኩ፦ ጫማዬን የማስረው አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ግራውን ባለቤቴ ታስርልኛለች።

ሌላው ጣጣ «አዎ» ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረጌ ነው። ጠበቃዬ ያመመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። እውነትም ጸሐፊዋ ይህን በምን ፊደል ትጻፈው?

እንግሊዝኛዬ ለሥራ ቢበቃኝም አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ጥሩ አደረግሁ። ግን «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ» ያልኩት እንዳለ ቢተረጎም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስነዳ ተገኘሁ ማለት ነው። ሰዓቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልናገር ወሰንኩ።

ያሳፈረኝን ነገር አስቀድሜ ለጠበቃዬ መናገሬም በጀኝ። አደጋው ቦታ ላይ ወርጄ ለገጨኝ ሰውዬ «ሶሪ» ብዬው ነበር፤ ጥፋቴን ያመንኩ ሊያስመስል ይችላል። ሜሪላንድ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን የራስህ ጥፋት ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው ሊቀርብህ ይችላል።

በዕለቱ መጀመሪያ «በስንት ፍጥነት ይመጣ ነበር?» ተባልኩ። ከኋላዬ ስለነበር አላየሁትም አልኩ፤ ግምት አልጨመርኩም። ከምሳ በኋላ የፈራሁት መጣ።

«ሶሪ ብለኸዋል?»

«አዎ።» በድምፅ።

«ለምን?»

«አፍንጫው እየደማ ነበር።»

የተከሳሽ ጠበቃው ወረቀቱን ገለጠና ስለ ቀድሞ ሥራዬ መጠየቅ ጀመረ።