ያመመችኝ ክኒኗ አልነበረችም

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቴ መሃል ከተማ ስለሆነ ገና ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ሰዓቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የታይሮይድ መድኃኒቴን በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምውጥ ልብ ሳልል አንድ ዓመት ተኩል ተሰቃይቻለሁ።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መነቃቀል። ብርዱን በሰፈራችን ነፋስ አሳበብኩ። ድካሙን በታክሲ ሰልፍ። በኋላ ለምርመራ ደም ስሰጥ ቲኤስኤች የሚባለው ከፍ ብሎ ተገኘ። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለች አተር የምታክል ዕጢ የምትልከው ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ስትለግም «ሥሪ እንጂ!» እያለ የሚጎተጉታት እሱ ነው። እሱ ከፍ አለ ማለት አንገቴ ላይ ያለችው ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው። ሐኪሟ ሌላ ምርመራ ጨምራ የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ዕጢዋን እያጠቃት እንደሆነ ነገረችኝ። ሃሺሞቶ ይሉታል።

ሌቮታይሮክሲን ታዘዘልኝ፣ 50 ማይክሮግራም፣ በቀን አንድ። ዕጢዋ ማምረት ያቃታትን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት ነው። «በባዶ ሆድ፣ በውኃ» ተባልኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኛ ቤት ቡና ምግብ አይደለም። እናቴ ጠዋት ሦስት ስኒ ጠጥታ «እህል አልቀመስኩም» ትላለች፤ ውሸቷንም አይደለም። እኔም ክኒኗን 11 ሰዓት ተኩል ላይ በውኃ እውጥና ወዲያው ቡናዬን እጠጣለሁ። ቁርሴን ትምህርት ቤት ስለምበላ «ባዶ ሆድ» የተባለውን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ለወገቤ የጀመርኩትን ካልሲየምም እንዳልረሳው ብዬ አብሬ እውጠው ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። ድካሙ ፈቅ አላለም።

እናቴ ያደገችው ደጋ አገር ነው። በልጅነቷ እንቅርት ያለባቸው ሴቶች በየቤቱ እንደነበሩ ትነግረኛለች። ደጋው ዝናብ ይበዛበታል፤ አፈሩ ይታጠባል፤ አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። ታይሮይድ ደግሞ ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። ሲያጥራት ታብጣለች፣ እንቅርት ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ የተሳሳትኩት ከዚህ ተነስቼ «የታይሮይድ በሽታ ሁሉ የአዮዲን እጥረት ነው» ማለቴ ላይ ነው። ውጭ አገር ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ደግ ናት፤ በሰው እጅ አንድ ትልቅ ብልቃጥ የአዮዲን እንክብል ላከችልኝ። በየቀኑ አንድ አንድ መዋጥ ጀመርኩ። ለሐኪሟ አልነገርኳትም። ቫይታሚን ነገር ነው፣ ምን ይነገራል ብዬ ነበር።

ቀጥሎ ስመረመር ቲኤስኤች ጭራሽ ጨምሯል። ሐኪሟ መጠኑን ወደ 100 ማይክሮግራም ከፍ አደረገችው። በእጇ ባለው ወረቀት ትክክል ነበረች። ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ቡናዬ፣ ካልሲየሜና ብልቃጤ ነው።

አንድ ቀን መድኃኒት ልገዛ ስገባ ፋርማሲስቱ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ «እህቴ፣ ጠዋት ቡና ትጠጫለሽ?» አለኝ። እንዴት እንደምወስድ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያውክ አስረዳኝ። ካልሲየምና አይረን ደግሞ ከክኒኗ ጋር ስለሚጣበቁ የአራት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። የጨጓራ ማስታገሻም እንዲሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ሁሉ ክኒን ስውጥ ስንቱ ደሜ እንደደረሰ እንጃ።

ከማግሥቱ ጀምሬ ሁሉንም አስተካከልኩ። በዚያው ሳምንት የአዮዲኑ ብልቃጥም አለቀ። አዲስ እስኪመጣልኝ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልቤ ይመታ ጀመር። ተኝቼ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ሌሊት ዓይኔ ይፈጣል። ላብ፣ የሆድ መላላት። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠና የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ «ቲቸር፣ አሞሽ ነው?» አለችኝ። ቤት ገብቼ አረፍ ብዬ የልብ ምቴን ለአንድ ደቂቃ ቆጠርኩት። 108። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው የሚመታው።

ቡና ላይ ያነሳሁላቸው ጎረቤቶቼ ሁሉ አንድ ቃል ሆኑ። «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ተዪው!» ተውኩት። ማንንም ሳልጠይቅ። መጀመሪያ ደህና የሆንኩ መሰለኝ። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ግማሹ እስኪቀንስ እንኳ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ማቆሜ ያመጣውን ጉዳት ወዲያው አላየሁትም። ልቤ ሲረጋ «አያችሁ፣ ክኒኗ ናት» አልኩ። ከአንድ ወር በኋላ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ፊቴ አበጠ። ድካሙ ከመጀመሪያው ብሶ ተመለሰ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ሐኪሟ ስትሰማኝ አልተቆጣችም። «ቤት ያለሽን የምትውጪውን ሁሉ በፌስታል አድርገሽ አምጪልኝ» አለች። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቀን ያ ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። ክኒኗ፣ ካልሲየሙ፣ ባዶው የአዮዲን ብልቃጥና ከጀርባው የመጣልኝ አዲሱ፣ ለፀጉሬ የገዛሁት ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን።

የአዮዲኑን ብልቃጥ አንስታ «ይህን አንብቢልኝ» አለችኝ። በአንድ ፍሬ 12.5 ሚሊግራም ይላል። ትንሽ ቁጥር ነው። ወረቀት ላይ አባዛችልኝ። አንድ ሚሊግራም አንድ ሺህ ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ 12,500 ማይክሮግራም። ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገው በቀን 150 ማይክሮግራም ነው። የሰማንያ ሦስት ቀን ያህል በአንድ ጠዋት እየዋጥኩ ነበር። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ብልቃጡን ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ አንድም ቀን መለኪያውን አላነበብኩትም።

ከዚያ እያንዳንዱን ነገር በቦታው አስቀመጠችልኝ። አዮዲን ሲያንስ ታይሮይድን እንደሚጎዳ ሁሉ ሲበዛም ይጎዳታል። እንደ እኔ ባለ ሃሺሞቶ ያለበት ሰው ላይ ከመጠን ያለፈ አዮዲን ዕጢዋን ጭራሽ ሊያፍናት ይችላል። አንዳንዱ ላይ፣ በተለይ የቆየ እባጭ ያለው እንቅርት ላይ፣ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ሆርሞኑ ከልክ በላይ ይመረትና ልብ ያስሮጣል። 100 ማይክሮግራሙ የታዘዘው እንግዲህ መድኃኒቷ በቡናና በካልሲየም ለሚባክንባት፣ ዕጢዋም በአዮዲን ለታፈነችባት ሴት ነበር። እኔ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሳስተካክል ክኒኗ ሙሉ በሙሉ ገባች፤ ዕጢዬም ትንሽ ነቃች። መጠኑ በዛብኝ። ልቤን ያስመታው መብዛቱ ነው፣ መድኃኒቱ ስላልተስማማኝ አይደለም።

ባዮቲኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ክኒኗን አይነካም፤ ላብራቶሪውን ነው የሚያታልለው። በብዛት ሲወሰድ በብዙ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ታይሮይድ የደከመባት ሴት ፀጉሯ ይረግፋል፤ ፀጉሯ የረገፈባት ሴት ባዮቲን ትገዛለች። ስንቶቻችን እንደምንወስደው አስቡት። ደም ከመስጠቴ ከሳምንት በፊት እንዳቆመው አዘዘችኝ።

በ75 ማይክሮግራም እንደገና ጀመርኩ። የ50ዋን አንድ ተኩል። በዚህ ጊዜ ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ ክኒኗን የዋጥኩበትን ሰዓት፣ ቡና የጠጣሁበትን ሰዓት፣ እንቅልፌን፣ ከአልጋ ሳልወርድ የቆጠርኩትን የልብ ምት እጽፋለሁ። አንድ መስመር ብቻ። አንድ ነገር ስለውጥ ሌላውን አልነካም። ከስድስት ሳምንት በፊት ደም አልሰጥም፤ ከዚያ በፊት ቲኤስኤች አዲሱን መጠን በትክክል አያሳይም። ያ ስድስት ሳምንት ረጅም ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብዬ ልተወው ደርሼ ነበር። ደብተሩን ገልጬ ሳይ ግን እንቅልፌ በሌሊት ከአራት ወደ ስድስት ሰዓት ከፍ ብሏል። እሱን አይቼ ታገስኩ።

አሁን ክኒኗ የምትዋጠው 11 ሰዓት ላይ ነው። አልጋዬ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተከድኖ ያድራል። ውጬ እንደገና ጋደም እላለሁ። ቡናዬ የሚደርሰው ልወጣ ስል ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ካልሲየሙ ከእራት ጋር ሄደ። ክኒኗን ወጥ ቤት ማስቀመጥ ትቻለሁ። ሙቀትና እንፋሎት ያበላሻታል፤ ከማሸጊያዋም ቀድሜ አላወጣትም። ፋርማሲው የለመድኩትን ብራንድ አጥቶ ሌላ ሲሰጠኝ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ለሐኪሟም እነግራታለሁ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እመረመራለሁ። አንድ ቀን ከረሳሁ አልደነግጥም። በማግሥቱ ሁለት አልውጥም።

ዐቢይ ጾም ሲመጣ ጭንቅ ያዘኝ። 55 ቀን ነው። ጠዋት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ መዋል የለመድኩ ሰው ነኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ መድኃኒትሽን በውኃ ውሰጂ፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል» አሉኝ። ሐኪሟ ደግሞ ሌላ መንገድ ሰጠችኝ፤ እራት 1 ሰዓት ላይ በልቼ ክኒኗን ማታ 4 ሰዓት ልውጥ። ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ካለፈ ይሆናል። የማታውን መረጥኩ፤ ካልሲየሙንም 9 ሰዓት ላይ ከማፈጥርበት ምግብ ጋር አደረግኩት። የጾም ወተት የምንለውን የአኩሪ አተር ወተትም ማታ መጠጣት ተውኩ፤ እሱም መድኃኒቱን ይይዛል።

አዮዲኑን ከጨው አገኛለሁ። በቂዬ ነው። አዮዲን የተጨመረበት ተብሎ በፓኬት የታሸገውን እገዛለሁ። በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠው አዮዲን ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ወጡ ላይ የምጨምረው ሊወጣ ሲል ነው፤ አዮዲን ሙቀትና እርጥበት አይወድም። ታይሮይድሽን ይጎዳል ብለው ጎመን አትብይ ያሉኝ ነበሩ። ሐኪሟ እንደ እኛ አገር በደንብ በስሎ፣ በልኩ ከሆነ ችግር የለውም ስላለችኝ እበላለሁ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሲቆይ የልብን ምት ያዛባል፣ አጥንትም ያሳሳል። ደረት ላይ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። እንደ እኔ በራሳችሁ አታቁሙ።

ባለፈው ወር እኛ ብሎክ የምትኖር አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። የአምስት ወር እርጉዝ ናት። «እትዬ፣ ያ የአዮዲን እንክብል ተርፎሽ ከሆነ ስጪኝ፤ ለጽንስ አእምሮ ጥሩ ነው አሉ» አለችኝ። የሰማችው ሐሰት አይደለም፤ ነፍሰ ጡር አዮዲን ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእሷ የሚመክረው በቀን 250 ማይክሮግራም ነው። አዲሱ ብልቃጥ ገና ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ ነበር። አወረድኩትና ቁጥሩን አሳየኋት። ሐኪሟ እንዳደረገችልኝ ወረቀት ላይ አባዛሁላት። ቅዳሜ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እሷ የእርግዝና ክትትል ካርዷን ይዛ፣ እኔ ብልቃጡን በፌስታል ይዤ።